ቢጫው መድኃኒት

ገንዳ ውሃ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለረፊቃ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ወንድምሽ ሳጂድ ደህና ነው። ደግሜ ልጻፈው፤ ሳጂድ ደህና ነው፣ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሐብሐብ እየበላ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ለዕረፍት መጥታ የነበረችው ዘሀቢያ ነገ ወደ ዶሃ፣ ወደ አንቺ ዘንድ ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬልሻለሁ።

የኮኪቱ የፈረስ ሩጫ እሑድ ነበር። አባትሽ "ዘንድሮ ዋንጫው ከጀይሉ ቤት አያልፍም" እያለ በየሱቁ ሲፎክር ከረመ። ፈረሳችን ቡላ ግን ሳምንት ሲቀረው የፊት ግራ እግሩን ማነከስ ጀመረ። አንቺ በምትሠሪበት ጋጣ ፈረስ ውኃ ውስጥ እንደሚዋኝ፣ ሩጫው በሰዓት እንደሚለካ፣ ትንሽ ካነከሰም እንደሚያርፍ ብነግረው ሳቀብኝ። "የዐረብ ፈረስ ቅምጥል ነው፤ የኔ የሽንፋን ወንዝ አሸዋ እየረገጠ፣ ፋጉሎ እየበላ የጠነከረ ነው" አለኝ። እሱስ ይበል።

እናንተ ጋ በሩጫ ቀን መርፌ ክልክል ነው፣ ደምና ሽንት ይመረመራል ያልሽውንም ነገርኩት። ዘንድሮ የኛም ኮሚቴ ያንኑ ደንብ አውጥቷል፤ ግን ደም የሚመረምር የት አለ? የእንስሳት ሐኪሟ ጥሩአየሁ ፈረሱን አስሮጣ ታያለች፣ እግሩን ትዳብሳለች፣ በቃ። አባትሽ ይሄን ያውቃል። መተማ ዮሐንስ ወርዶ ከገበያ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ገዝቶ መጣ። ከተወጋ አያነክስም፣ ሐኪሟም አታውቅ ብሎ!

"ሕመሙ የማይሰማው ፈረስ እግሩ እስኪሰበር ይሮጣል" ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጋላቢው ደግሞ ልጄ ሳጂድ ነው። አባትሽን ለመንኩት፣ ተጣላሁት። "ሰው ፊት ፎክሬ አሁን ልመለስ?" አለኝ።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መቼም ለስኳሬ መርፌ መውጋት ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የብልቃጥ አያያዝ ማንም አያስተምረኝም። ቅዳሜ እሱ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄድ በዚያች ቀጭን ስሪንጄ ያንን ዘይት የመሰለ ቢጫ መድኃኒት እየቀዳሁ ደፋሁት። ስንቴ እንደተመላለስኩ! እጄ ዛለ። ከዚያ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውኃ ሞላሁበትና ቦታው መለስኩት። በሠላሳ ዓመት ትዳር ሳታልለው የመጀመሪያዬ ነው፣ ወላሂ።

እሑድ ጠዋት ከጭነት መኪና ጀርባ፣ ጓደኞቹ ከበውት፣ ቡላን ወጋው። እኔ ከዳር ቆሜ አያለሁ። ቡላ በጥሩአየሁ ፊት ዐሥር እርምጃ ሳይሄድ አነከሰ። ዝቅ ብላ እግሩን ዳበሰችና፣ "ጋሼ ጀይሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ፈረስ ዛሬ አይሮጥም። ጅማቱ ተጎድቷል፤ ቢሮጥ ልጅዎን ይዞ ይወድቃል" አለችው።

እፎይ! ሻሼን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ሳጂድ ቀኑን ሙሉ አኮረፈ፤ ያኩርፍ፣ ቆሞ እየሄደ እስካኮረፈ ድረስ። ዋንጫውን የአብዱረሕማን ፈረስ ወሰደው፤ ይሁንለት።

አባትሽ "ውኃ ሸጠልኝ፣ ሌባ!" እያለ ሻጩን ሲራገም ዋለ። እኔም "አይ የዘመኑ ሰው" እያልኩ አብሬው ተራገምኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ትናንት ታዲያ የቡላን እግር በቀዝቃዛ ውኃ እያጠበ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ዋሲላ፣ መድኃኒቱ ስገዛው ቢጫ ነበር" አለኝ።

እኔም፣ "መቼ አወቅህ?"

"እሑድ ጠዋት ስቀዳው።"

"ታዲያ እያወቅህ ለምን ወጋኸው?"

"ሰው ከቦኝ ነበራ።" ውኃውን እግሩ ላይ እያፈሰሰ፣ "ብልቃጡን እስካነሣ ድረስ ሳጂድ ሲወድቅ ይታየኝ ነበር። ውኃ መሆኑን ሳይ ነው የተወኝ" አለ። ባልዲውን ሞልቼ አቀበልኩት።

ገበያ ሲወጣ ግን ዛሬም ሻጩን ይራገማል። ስትደውዪ ስለ መርፌው እንዳታነሺበት፤ ቡላን እንዴት እንደሚያሳርፈው ብቻ ንገሪው። አሁን ይሰማሻል።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ ሥራሽን በረካ ያድርግልሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ ዋሲላ