መምጠጥ መጥረግ አይደለም

ጌትዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጤና መጠየቅ ስለማልችል የእኔን ልንገርህ፤ ደክሞኛል። ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ሕመም የለብኝም። ጠዋት ስነሳ የትናንቱ ድካም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። አብረን ቢሮ እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን።

ከተለየኸን ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ወር አወጣን። ጠላው ተጠመቀ፣ ቄሶቹ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ጎረቤቱ በልቶ ጠጥቶ መረቀ፣ ድንኳኑ ፈረሰ። ሁሉም ሲወጣ “እንግዲህ በርቺ” እያለኝ ሄደ። በምን እንደምበረታ የነገረኝ ግን የለም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ልጃችን ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ያው ያንተ ልጅ ናትና መጀመሪያ የምታወራው ስለ ምግቡ መጥፎነት ነው። የጓሮውን አጥር ወንድምህ ካሳ መጥቶ አጠረልን። ጠማማ ነው፤ አመስግኜ ዝም አልኩ። ወጥ ቤቱን አዲስ የጓሳ ሣር አልብሰነዋል። የሳሎኑ ኮርኒስ ያው በማዳበሪያ ከረጢት እንደተለበጠ ነው፤ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር አፈሩን ያዘንብብናል። ከሞላሌ ንፋስ ጋር አሁንም አልታረቅንም።

እናትህ ከእኔ ጋር ናቸው። ካሳ እኔ ጋ ይኑሩ ብሎ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ እማማ የሺ እንቢ አሉ። እዚያው መደባቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ይውላሉ። እኔ ከመዝገብ ቤት ስመለስ ምሳቸውን በልተው እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ በልቻለሁ ይሉኛል። ብዙ ቀን ያወራነው ይህን ብቻ ነበር።

የምጽፍልህ ስለ አንድ ቀን ነው። ለሕክምና በሄድክበት ቀን እኔ ቤት ውስጥ ያደረግኩትን ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። አንተ መጀመሪያ ልትሰማው ይገባህ ነበር፤ እናትህ ቀደሙህ።

ያን በእጅ የሚሠራ የአቧራ መምጠጫ ያመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ። ሳሉ ከጀመረህ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከአቧራ ይራቁ አለችህ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ሲያራግፍ የኖረ መምህር፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አግብቶ፣ ሞላሌ ላይ ተቀምጦ፣ ከአቧራ ይራቅ! ሁለታችንም በየማታው የየሥራችንን አቧራ ይዘን ነበር የምንገባው፤ ያንተ ነጭ፣ የእኔ ግራጫ። ልብሳችንን ደጅ ላይ ስናራግፍ ንፋሱ ያንኑ መልሶ ቤት ያስገባው ነበር።

ከዚያ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደህ በጋቢ ጠቅልለህ አመጣኸው። ክንድ የሚያህል የቆርቆሮ ቱቦ ነው፤ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ አፍ፣ በሌላው በኩል የሚገፋና የሚሳብ እጀታ፣ ሆዱ ውስጥ የጨርቅ ከረጢት። መብራት በቀን ሦስቴ ለሚጠፋበት ቤት የተሠራ ነው እያልክ አሞገስከው። እናትህ የድሮው ፍሊት መንፊያ መስሏቸው፣ “ትኋን ገብቷል እንዴ ቤታችን?” ብለው ተቆጡ። አንተ ደግሞ ፍሊት ይተፋል፣ ይሄ ይመጥጣል ብለህ ከምንጣፉ ላይ ሁለት ሦስቴ ስበህ፣ ከረጢቱን ከፍተህ አሳየሃቸው። እሳቸው አፈሩን አዩ፣ ዕቃውን አዩ፣ እዚያው ስም አወጡለት፤ አልቅት። ከላሞቻቸው ምላስ ሥር ስንቱን አልቅት የነቀሉ ሴት ናቸውና ስሙ ጸደቀ። የውስጡ ጎማ ሲላላ ከብስክሌት ካላማዳሪ ክብ ቆርጠህ ስትቀይርለት እንኳ፣ “አልቅቱን አሳከምከው?” ብለው ነበር የጠየቁህ።

የእናትህን ሕግ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ጀምበር ከጠለቀች ቤት አይጠረግም። አንተም ልክ ጀምበር ስትጠልቅ ጠብቀህ አልቅቱን ታነሳለህ። “እማዬ፣ መምጠጥ መጥረግ አይደለም፤ እጄ ላይ መጥረጊያ አየሽ?” ትላቸዋለህ። እሳቸው “አንተ ልጅ፣ ደግሞ በኔ ላይ ጠበቃ ሆነህ መጣህ?” እያሉ ሳቃቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ይህ ከሳምንት እስከ ሳምንት ይደገም ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኝ ነበር። እንዲያ ያለ መሰልቸት ዛሬ ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሁለተኛው ሕግ መንገደኛ የወጣበት ቤት በዚያ ቀን አይጠረግም የሚለው ነው። የሄደውን ሰው ዱካ ጠርጎ ማውጣት ይሆናል፣ መመለሻውን ያጠፋበታል ይላሉ። እኔ አላምንበትም። ባላምንበትም በሃያ ዓመት ትዳራችን አንተ መንገድ በወጣህ ቀን መጥረጊያ ነክቼ አላውቅም። ሰው የማያምንበትን ነገር ይህን ያህል ሲጠብቅ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ያን ሐሙስ ጠዋት ሚኒባሱ በራችን ድረስ መጣ። ደብረ ብርሃን ካሳ እንዲወስድህ፣ እኔ እናትህን እንዳስታምም ተስማምተን ነበር፤ እሳቸው ወገባቸውን ታመው መደብ ላይ ነበሩ። ካሳ ደግፎ ሲያወጣህ ሁለት ጊዜ ቆመህ ተነፈስክ። መኪናው ውስጥ ከገባህ በኋላ በመስኮቱ፣ የሰብለን የትምህርት ቤት ሹራብ ከማስጫው ላይ እንዳነሳ ነገርከኝ። ዝናብ አልነበረም፣ ደመናም አልነበረም። ለምን ሹራብ ትዝ እንዳለህ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንስቼዋለሁ።

ቤት ስመለስ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ አልጋህን አሳየኝ። ብርድ ልብሱ ላይ፣ ትራስህ ላይ፣ መጻሕፍትህ ላይ አፈር። ይህን ሲተነፍስ ነው የከረመው አልኩ። ሰኞ ይመለሳል ብለውኛል፣ ሰኞ ሲመለስ ንጹሕ ቤት ይግባ አልኩ። መጥረጊያውን አነሳሁት። ሕጉ ትዝ አለኝ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ያንተ ጥብቅና ትዝ አለኝና አልቅቱን አነሳሁ።

እስከ እኩለ ቀን ስገፋና ስስብ ዋልኩ። ከኮርኒሱ ጀመርኩ፣ ግድግዳውን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያውን፣ አልጋውን፣ የአልጋውን ሥር፣ የእናትህን መደብ ጠርዝ ሳይቀር መጠጥኩት። ክንዴ ዝሎ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጌትዬ። ሳል የሌለበት ቤት ያዘጋጀሁልህ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ካሳ ደወለ። ሐኪሞቹ የቻሉትን አድርገዋል አለኝ። ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁትም፤ ዓይኔ ወለሉ ላይ ነበር። አንድ ቅንጣት አፈር አይታይበትም።

ለቀስተኛው ሲመጣ ቤቱ እንደዚያው ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ከአጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ ቆይታ፣ ዙሪያዋን አይታ፣ “ቤቱንማ እንዴት አድርገሽ አጽድተሽው ኖሯል፣ ለሰው እንዲመች” አለችኝ። ለመልካም ነው ያለችው። እኔ ግን የለቅሶ ቤት አስቀድሜ ያሰናዳሁ ሆኖ ተሰማኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ሁሉም ላንተ አድርጎ ቆጥሮታል። ግማሹ ለራሴ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልቅቱን ቁምሳጥኑ አናት ላይ ወርውሬ በመጥረጊያ ብቻ መጥረግ ያዝኩ። እናትህ የት ሄደ ብለው አልጠየቁም። ለሁሉም ነገር ስም የሚያወጡ፣ ማንኪያ ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ የሚጠይቁ ሴት፣ ስለ አልቅቱ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ማታ ማታ እግራቸውን ሳጥባቸው ደግሞ ድሮ እስክሰለች ድረስ ነበር የሚመርቁኝ። ካንተ በኋላ ምርቃቱ ቀረ። ውሃው ሲቀዘቅዝ “ይበቃል” ይላሉ፣ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ምን ልበልህ፣ አውቀዋል አልኩ። ያን ቀን አይተውኛል፣ ልጄን ጠርጋ ያስወጣች ሴት ብለው ይዘውብኛል አልኩ። መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይል ሳገላብጥ፣ ገበያ ሄጄ ገብስ ስመርጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ያንኑ ጥያቄ ነበር የማስበው። መምጠጥ መጥረግ ነው ወይስ አይደለም? አንድ አዋቂ ሴት፣ ዲፕሎማ ያላት፣ ዓመት ሙሉ! ይህ ነው ያደከመኝ፤ ሥራው አይደለም።

የዘንድሮው በጋ ንፋስ ሲመጣ እናትህን ሳል ያዛቸው። ነርሷ መጣች፣ ደረታቸውን አዳመጠች፣ ለእኔም ያንኑ ቃል ደገመችልኝ፤ ከአቧራ ይራቁ። ስትወጣ ወንበር ላይ ወጥቼ አልቅቱን አወረድኩት። ካላማዳሪው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይዤው መሐል ቤት ቆምኩ። መግፋት አቃተኝ። እማማ የሺ እንዝርታቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና፣ “ተበላሸ?” አሉ።

ያን ጊዜ ወጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጥረጊያውን አንስቼ እንደመለስኩት፣ አልቅቱን እንዳነሳሁ፣ እስከ እኩለ ቀን እንደዋልኩበት። መምጠጥ መጥረግ አይደለም ብዬ ራሴን እንዳታለልኩ ነገርኳቸው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነበር። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም ነበር፤ ከቤት ውጪልኝ ቢሉኝም እወጣ ነበር።

እንዝርቱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

“ስትስቢ ስትገፊ እሰማ ነበር” አሉኝ። “መደቤ ሥር ስትደርሺ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንጂ ነቅቼ ነበር። መከልከል የኔ ፈንታ ነበር፣ ልጄ። ይሄን ወግ እዚህ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። አፌ ድረስ መጣና መለስኩት። ተይ ካልኳት ላይመለስ ይችላል ማለቴ ነው፣ ሟርት ይሆንብኛል ብዬ። እኔም ይመለሳል ብዬ ነዋ። ሲመለስ አቧራ እንዳይቆየው ብዬ።”

እሳቸው ቀጠሉ። “በሰዓቱ ዝም ያለ አፍ ኋላ ምን ብሎ ይመርቅሻል? ፊትሽን ማየት አቃተኝ። የኔን ጥፋት አንቺ ተሸክመሽ ከረምሽ ለካ።”

ይኸው ነው፣ ጌትዬ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ፣ ሁለት ሴቶች ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያልን በላን። እያንዳንዷ ሌላዋ የምትከሳት መስሏት አንገቷን ደፋች። ማልቀስ ይገባን ነበር መሰለኝ፤ ሁለታችንም ግን ዝለን ነበር። እሳቸው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ግድግዳውን ተደገፉ፣ እኔ ራሴን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርጌ እዚያው ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አንገቴ ተቆልምሟል፣ የእናትህ እጅ ፀጉሬ ላይ ነው፣ ወጡ አሯል።

ጥያቄው መልስ አላገኘም። እማማ የሺ መጥረግ ነው አላሉም፣ አይደለም አላሉም። እኔም መልሼ አልጠየቅኳቸውም። አንተን የወሰደህ ሳንባህ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማወቁ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ለማናችንም አልጠቀመንም ነበር። ከብስክሌት ጠጋኙ ቁራጭ ካላማዳሪ አምጥቼ ጎማውን ቀየርኩት። እንዳንተ አድርጌ ክብ መቁረጥ ስላልቻልኩ ትንሽ አየር ያስወጣል፤ ይሠራል ግን። ከቢሮ ስመለስ መደባቸውን እመጥጥላቸዋለሁ። ሳላቸው ቀለል ብሏቸዋል።

ድካሙ እንዳለ ነው፤ ጠፋ ብዬ አልዋሽህም። እንዲያው ግን ዓመት ሙሉ አንተን ሳስብ የምትታየኝ ሚኒባሱ ውስጥ ሆነህ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት አብረን የኖርነው ሃያ ዓመት በዚያች ጠዋት ተሸፍኖብኝ ነበር። ሰሞኑን ሌላ ሌላው መምጣት ጀምሯል። ትናንት አውቶቡስ ተራ ቆሜ፣ የገበያ ቀን በበግ ዋጋ ሲያታልሉህ ከሻጩ ጋር አብረህ የሳቅከው ሳቅ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ።

በየቀኑ አስብሃለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም። ሥራ አለ፣ እናትህ አሉ፣ አንዳንድ ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛው። የምገባልህ ቃል ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ሳስታውስህ ይቅር በለኝ ለማለት አይሆንም። ናፍቀኸኝ ብቻ ይሆናል።

ባለቤትህ
አስካለ