አባባ መኪናው ውስጥ ናቸው

ወንድም ጋሼ፣

ስትነቃ ቶሎ ወደ ደጅ ውጣ፤ አባባ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል።

መኪናው አልነሳ ስላለኝ የሞተሩን የአየር መለኪያ ሴንሰር ፈትቼ በስፕሬይ አጸዳሁት። እንዳሳየኸኝ ቀጭኗን ሽቦ በእጄ አልነካኋትም። አድርቄ ስገጥመው ሞተሩ ተነሳ፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ደግሜ አጸዳሁት፣ ያው ነው። መካኒኩ ጋ ብደውል፣ "እህቴ፣ አትልፊ። ባለፈው ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ፣ መቀየር አለበት" አለኝ።

ለእኔ ግን አልነገርከኝም። ይሁን።

የኩላሊት እጥበታቸው ሰዓት እየደረሰ ነው። "አባባ፣ በታክሲ እንሂድ" ብላቸው እምቢ አሉ። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቀበቶውን አስረው፣ "ልጄ ይነሳና ያስነሳዋል" ይላሉ። ብለምን ብለምን አልወርድም አሉ።

አንተን ልቀሰቅስህ መጥቼ ነበር። ከሌሊት ሥራ ገብተህ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ተኝተህ ሳይህ አንጀቴ አልችል አለ።

የመለዋወጫ ሱቆቹን ልዞር ወጥቻለሁ። ካጣሁ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

እስክመጣ አጠገባቸው ተቀመጥ። ቁልፉን ግን አታዙረው። ሞተሩ በአንተም እጅ ሲጠፋ አባባ እንዲያዩ አልፈልግም።