ክኒኑን የተውኩ ሰሞን

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? እኔ በሆዴ ካለው እንግዳ ጋር ዛሬ ደህና ነኝ። «ዛሬ» ያልኩት በምክንያት ነው።

እማዬ፣ ማርገዜን የነገርኩሽ ቀን፣ ድንገት እየመጣ ትንፋሽ ለሚያሳጣኝ የፍርሃት ሕመም የምውጠውን ክኒን «ልጁን ይጎዳዋል፣ ጣይው» ብለሽኝ ነበር። እኔም ፈርቼ፣ ለማንም ሳልናገር በአንዴ ተውኩት።

የምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ የሚተኮስበት ማሽን አለ። ሸሚዙን ስታለብሺው እንፋሎቱ ይነፋውና ደረቱ ይሞላል፣ እጅጌው ይነሣል፣ ራስ የሌለው ሰው ይመስላል። ክኒኑን ከተውኩ ሰንበትበት ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሸሚዞቹ ሲተነፍሱ የእኔ ትንፋሽ ቁርጥ አለ። አየሩን እነሱ የወሰዱብኝ መሰለኝ። እጄን ሳየው የሌላ ሰው እጅ ሆነብኝ። ከኋላዬ የሆነ ሰው ቆሟል ብዬ ዞር ስል ባዶ ግድግዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው አልተለየኝም፤ አውቶቡስ ውስጥም፣ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦም አለ። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ አለኝ። ከቤት መውጣትም ቀረ።

ባለቤቴ ደግፎ ክኒኑን ያዘዘችልኝ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። አልተቆጣችም። «ምንም ጉዳት የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ግን እንዲህ ሳትበዪና ሳትተኚ መክረምሽም ለልጁ ደግ አይደለም። ደግሞ ሳታማክሪኝ በአንዴ አይቆምም» አለችኝ። ሦስታችን ተመካክረን ያንኑ መድኃኒት በትንሽ መጠን ጀመርኩ። ስወልድም ሕፃኑን ለጥቂት ቀን በቅርብ እንከታተለዋለን ብላለች።

የመጀመሪያውን ስውጥ ልጄን መርዝ የማጠጣው መስሎኝ አለቀስኩ። ያ ሰውም ወዲያው አልሄደም። መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ ደረጃው ሥር ቆመ። አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ አልፈልገውምም። ሥራዬ ተመለስኩ። ጥሩምባ የምንላት ባልደረባዬ «ለሁለት ብዪ ቢሉሽ ለአራት መብላት ጀመርሽ» እያለች ትስቅብኛለች።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታናሽ እህቴን፣ አጎቴንና የጎረቤታችንን አሮጊት በያሉበት ሰላም በይልኝ።

ልታርሺኝ ስትመጪ ክኒኑን ራስጌዬ ታገኚዋለሽ። እማዬ፣ አትደብቂብኝ። ክፉ አስበሽ እንዳልነበረ አውቃለሁ፣ የእናት ሆድ ነው። የምውጥበትን ውኃ ግን አንቺ አቀብይኝ።

ልጅሽ
ከላውንደሪው በላይ ካለችው ክፍላችን
እሑድ፣ ግንቦት 12 ቀን