በአንተ ኩባያ ልክ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ሳሉስ ተወህ? ትከሻህን ሰቅዞ ይይዝህ የነበረው ውጋትስ ለቀቀህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልህ እንግዲህ እንደምታውቀን ነው፤ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ አንዳችን ስናለቅስ ሌላችን ሽንኩርቱ ነው እንላለን። ትንሿ እህታችን ብቻ ዛሬ ሽንኩርት መች ገዛችሁ እያለች ታሳጣናለች።

መኪናህ እሜቴም ደኅና ናት። አንተ ከሄድክ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆማ አቧራ ለብሳ ነበር። ኋላ አባባ የሠራውን በርና መስኮት ለደንበኞቹ የሚያደርስለት ሲያጣ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ራሱ መሪ ጨበጠ። የአናጢ እጁ መዶሻውን እንጂ ማርሹን ረስቶታል። እሷም ነገረኛ መኪና አይደለች፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታጉረመርምበታለች። እኔ ግን አልሳፈርባትም፤ ትምህርት ቤት በእግሬ ነው የምሄደው። አባባ በሩን ከፍቶ ሲጠብቀኝ፣ እግሬን ላፍታታው ብዬ አልፈዋለሁ።

ያ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ምን ሥራ እንደነበረው አንተ ታውቃለህ። እሜቴ የኩባያ ማስቀመጫ የላትም፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ማስቀመጫዋ እኔ ነበርኩ። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ሰማያዊውን የብረት ኩባያህን በሁለት እጄ እይዛለሁ፤ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስ እጅህን ትዘረጋለህ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አንድ ጉንጭ ሰርቄ ፈሰሰ እልሃለሁ። አንተም፣ "ይሄ መንገድ ደግሞ ሻይ ይወዳል!" ትል ነበር።

ባለፈው ሳምንት አባባ የሻይ ብርጭቆውን በጭኖቹ መሀል ይዞ ሲነዳ ተደፋበት። እያነከሰ ገባና፣ ይህች መኪና የልጄ ናት፣ እኔን አትፈልገኝም፣ ብትሸጥ ይሻላል አለ። እኔ አልሳፈርባትም እንጂ፣ ሌላ ሰው ይዟት ሲሄድ ማየት ግን አልችልም።

ስለዚህ ማስቀመጫ ልሠራላት ተነሣሁ። መጀመሪያ የዘይት ጀሪካን ቂጡን ቆርጬ፣ በሹፌሩ በር በኩል አጎንብሼ፣ ከእጅ ፍሬኑ ጋር በሽቦ አሰርኩት። ፍሬኑን ስስብ ጀሪካኑም አብሮ ሰገደ፤ ለሙከራ የሞላሁት ውኃ ሁሉ ምንጣፏ ላይ ሄደ። ከዚያ ጎረቤታችንን የቧንቧ ሠራተኛውን የፍሳሽ ቧንቧ ቁራጭ ለመንኩት። ከቁርጥራጮቹ መሀል መርጬ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ መጋዙን ሳልጫን ቆረጥኩት። ከአባባ ትርፍራፊ ጣውላ ላይ በሁለት ብሎን አሰርኩትና ጣውላውን በሁለቱ ወንበሮች መሀል ወተፍኩት፤ ንቅንቅ አይልም። እንዳይንኳኳ ደግሞ የአንተን ጎደሎ ካልሲ ውስጡን አለበስኩት። ታጥቧል፣ አትሳቅ።

አባባ ብርጭቆውን ቢያስገባው ዘጭ ብሎ ገባና ግራና ቀኝ ይንገዋለል ጀመር። "አናጢ ቤት አድገህ! አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ አላልኩህም?" አለኝ። ለክቻለሁ አልኩት። "በምን?" አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሜትርም ብርጭቆም አልያዝኩም ነበር። ቧንቧውን የመረጥኩት በሁለት እጄ እያቀፍኩ ነው፤ እጆቼ የሚያውቁት ስፋት ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

አባባ እጆቼን አየና ወደ ቤት ገባ። ለእማዬ ያንን ኩባያ አውርጂው አላት። እማዬ አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ አግኝታው፣ አጥባ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ካስቀመጠችው ወዲህ ማናችንም አልነካነውም። አወረደችው። ሻይ ቀድታ ሦስተኛውን ማንኪያ ስኳር ልትጨምር ስትል አባባ፣ "ኧረ ሴትዮ፣ ስኳር ተከልክዬ የለም እንዴ?" አላት። እጄ ለምዶ ነው አለችና ማንኪያውን መልሳ፣ "እሱስ ቢሆን መች ስኳር ይወድ ነበር? ጠዋት ጠዋት 'እማዬ አጣፍጪው፣ መንገዱ ጣፋጭ ይወዳል' እያለኝ እንጂ" አለች።

ወንድምዓለም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የማትወደውን ሻይ ለእኔ ብለህ ጠጣህ? እኔ ሌባ መስሎኝ፣ ለካ ተጋባዥ ነበርኩ። በቁምህ ሳለህ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም፤ አሁን እልሃለሁ፣ አመሰግናለሁ። ለሻዩም፣ ለወንበሩም፣ እያወቅህ ዝም ስላልከኝም።

ዛሬ ጠዋት ከአባባ ጎን ተሳፈርኩ። ኩባያህ ልክክ ብሎ ገባ። ትልቁን ጉድጓድ ስናልፍ ጠብ አላለም። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ አባባ አንስቶ ፉት አለና፣ በል መሸጡን እንተወው አለ። ሻዩ ስኳር አልነበረውም፤ ስለዚህ አልሰረቅኩትም።

እማዬ አንገቱን ይሸፍን ብላሃለች። አባባ ሰላም ይልሃል፤ ሁለተኛ ማርሽን እንዴት እንደምታባብላት ሳትነግረው በመሄድህ ግን ተቀይሞሃል። ትንሿ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ካልሲውን ያጠብኩት እኔ ነኝ በልልኝ ብላለች።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ቀረኝ። ያለ አንተ ትምህርት ቤት በሄድኩበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ሰው ሳይነሣ ራሴ ሻይ አፍልቼ፣ አጣፍጬ፣ በኩባያህ ቀዳሁ። እሜቴ ውስጥ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅሁህ። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁህ። ከዚያ ግማሹን ጠጣሁ፤ ግማሹን በአንተ ወንበር ላይ ትቼልህ በእግሬ ሄድኩ።

ታናሽ ወንድምህ
ከእሜቴ የፊት ወንበር፣ አባባ ደንበኛው ቤት በር እስኪገጥም ስጠብቀው
ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን