ፍልሰታና የልጄ ልብ

እሑድ፣ ነሐሴ 11

አላመንኩትም። አዋላጁ ያቺን ጡሩምባ የመሰለች ማዳመጫ ሆዴ ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን ደፍቶ፣ ሰዓቱን እያየ ቆጠረና "የልብ ትርታው መቶ አርባ፣ ደህና ነው" አለኝ። "እስቲ ድገመው" አልኩት። ስቆ ደገመው። መቶ አርባ ሁለት።

ወንድ አዋላጅ! ያውም ታናሽ ወንድሜን የሚያክል። ከገጠር ወደ ሞላሌ መጥተን ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ የገባን ቀን፣ አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ዞር ብለውበት ነበር። አሁን "ልጄ" ይሉታል።

ለማንም ያልነገርኩት፦ እየጾምኩ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ። የመጀመሪያው ልጄ ወሩን ጨርሶ ሞቶ ሲወለድ፣ የዚያን ዓመት ፍልሰታን ቁርሴን እየበላሁ ነበር ያሳለፍኩት። ዘንድሮ አልደግማትም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ዝናብ፣ ብርድ፣ ጭቃ። ራሴን ያዞረኛል። አማቴ የበጠበጡልኝን በሶ በመስኮት ደፋሁት። ግፍ ነው፣ አውቃለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ አዋላጁ መጥቶ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

"መቶ ሰባ ሁለት። ፈጥኗል። ዛሬ ምን በላሽ?"

"በሶ።"

"ውሸቷን ነው!" አሉ አማቴ ከጥግ። "ከትናንት ማታ ወዲህ ጠብታ ውሃ አልቀመሰችም። በሶዬን ውሻ ሲልሰው በዓይኔ አይቻለሁ!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጿሚዋ አማቴ እኔን ያጋልጡኝ? አዋላጁ ግን አልተቆጣም። ትኩሳቴን ለካ፣ የለኝም። "ውሃ አጥሮሽ ይመስለኛል፣ ጠጪ" አለኝ። በማር የተበጠበጠ በሶ ሁለት ትልልቅ ኩባያ ጠጣሁ፣ እያለቀስኩ። ለምን እንደጾምኩ ያኔ ለአማቴ ነገርኳቸው።

ባዶውን ኩባያ ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያ "እኔም ሁለት ቀብሬያለሁ። ሁለቱንም ጾሜ" አሉኝ። "የኔ ሞኝ! አንቺ ብዪ፣ እኔ እጾምልሻለሁ።"

አሥር ሰዓት፦ መቶ ሃምሳ። እፎይ!

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ ነው። ውጭ ጅራፍ ይጮኻል። ጠግቤ በልቻለሁ። ልቡ መቶ አርባ አራት። ወገቤን ግን ከጠዋት ጀምሮ ይዞኝ ለቀቅ ያደርገኛል። አሁንም መጣ፣ ኋላ እጽፋለሁ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ኋላ ያልኩት ዛሬ ሆነ። ምጥ ነበር።

አዋላጁ በየግማሽ ሰዓቱ ያዳምጣል፣ እኔ "ስንት?" እላለሁ፣ ይነግረኛል። አንዴ ስጠይቀው ግን "በግራ ጎንሽ ዙሪ፣ ቶሎ!" አለ። አማቴ እንደ ጆንያ ገለበጡኝ። ወደ መቶ አራት ወርዶ ኖሯል። ጾሙን በመፍታቴ ይሆን? ብዬ አሰብኩ፣ አልዋሽም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አማቴ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ፣ እሱ ማዳመጫውን አይነቅልም።

"መቶ ሃያ" አለ። ቆይቶ "መቶ ሠላሳ ስምንት። አይዞሽ፣ ተመልሷል።"

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተገላገልኩ። ሴት ናት። ቀይ፣ ቁጡ፣ ጸጉራም።

አማቴ ዛሬ የኔን ድርሻ እየጾሙ ነው፣ ቀልዳቸውን መስሎኝ ነበር። ከጎኔ የተኛችው ወላድ "ኧረ ዝም አሰኚያት፣ ጆሮዬን በጠሰችው!" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ልጄ ከነጋ አላረፈችም። ጡት እሰጣታለሁ፣ እህቴ። ትንሽ ትጩህልኝ መጀመሪያ።