እሺ ካላልሽ አንቀመጥም

ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

ከሆቴሉ ተባርሬያለሁ።

ይድረስ ለአባቴ፤

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እማዬስ? ጤፉ ታጨደ? እኔም በሆዴ ያለውም ደህና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት፣ እርስዎ ሲያዙኝ እሺ ማለት ስለለመደብኝ ነው።

ጎበና ሆቴሉን ሲገዛ፣ «በፈቃዳችን ለቀናል ብላችሁ ፈርሙ፤ በማግስቱ እንደ አዲስ እቀጥራችኋለሁ» ማለቱን ያውቃሉ። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ፀዳለ፣ «ቤቱ ተሸጠ እንጂ እኛ አልተሸጥን! ባለቤት ቢቀየር ውል አይቋረጥም። ዘጠኝ ዓመትሽን በገዛ እጅሽ እንዳትሰርዢው» ብላኝ ነበር። ላውንደሪ ያለነው ሁሉ አንፈርምም አልን።

ያኔ ነው ጎበና ሽማግሌ የላከብን። በእንቁጣጣሽ ሰሞን እኔ ቤት ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ። ሁለቱን አላውቃቸውም፤ ፊት ፊት የገቡት እርስዎ ነበሩ። ወንበር ሳቀርብ «እሺ ካላልሽ አንቀመጥም» አሉኝ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «እኛን አቁመሽ በሰላም ልትገላገዪ ነው?» ብለው ሲስቁ እርስዎም ሳቁ። አባቴን አቁሜ ምን ልበል? እሺ አልኩ። ተቀመጡ፣ በሉ፣ መረቁኝ። በማግስቱ ፈረምኩ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጎበና ቢሮው አስጠራኝ። ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ያጠብኩትን ሴት፣ «የሙከራ ጊዜሽን አላለፍሽም» አለኝ። ሆዴን አየት አድርጎ፣ «አንቺም ብትሆኚ ማረፍ ይሻልሻል» አለ። የወሊድ ፈቃዴም አብሮ ቀረ።

ከሰስኩት። ትናንት ደወሉና፣ «ሰውየው ፊት አዋረድሽኝ፤ ክሱን አንሺ፣ ቃል ተገባብተናል» አሉኝ። ምን ቃል እንደሆነ አልጠየቅኩም። ይኸው ክሱን ላነሳ ፍርድ ቤት መጥቼ ወረፋ ይዣለሁ።

አሁን ፀዳለ ደወለችልኝ። «ስሚ እንጂ፣ ያንቺ ቦታ ላይ ዛሬ አንዲት ልጅ ገባች። ሳቋ ቁርጥ አንቺን! በስምሽ ልጠራት ስል ዱሬቲ እባላለሁ አለችኝ» አለች።

እህቴን እንኳን ደስ አለሽ ይበሉልኝ። የዩኒፎርሙን ወገብ ለሆዴ ብዬ አስለቅቄው ነበር፤ ይሰፋታልና ታስጠብበው። በረኪናው እጅ ይበላል፤ ጓንት ትጠይቅ። እሷም ሙከራ ላይ ናትና እስክታልፍ ድረስ እንዳታረግዝ።

እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ከደጅዎ ሰው አይጥፋ። የልጄን ስም ግን እኔው አወጣለሁ።

ጸሐፊዋ ስሜን ጠራች። ደግማ ጠራች። የተዋስኩትን እስክሪብቶ ለጥበቃው መልሼ ልወጣ ነው።

የበኩር ልጅዎ