አቶ ይግዛው ገብረ አማኑኤል እና የ1957 ዓ.ም. ሰሊጥ

አቶ ይግዛው ከአባታቸው ከአቶ ገብረ አማኑኤል ደጅይጥኑ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሐረግ አስማረ በ1906 ዓ.ም. በዋግ፣ ፃግብጂ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከየኔታ ዘንድ ገብተው ዳዊት ደገሙ፤ ድምፃቸው ለማሕሌት አልሆን ቢል ወደ እርሻው ተመለሱ።

በ1932 ዓ.ም. ወይዘሮ ደብሬ ወልደ ሐዋርያትን አግብተው ወደ ዝቋላ ቆላ ወረዱ። አማታቸው አቶ ወልደ ሐዋርያት ከወንዙ ዳር መሬት ሰጥተዋቸው፣ ማሽላና ሰሊጥ እያረሱ ሦስት ልጆች አፈሩ። በ1949 ዓ.ም. አገሬው የውኃ አባት አድርጎ መረጣቸው። የውኃ አባት ዝናብ ሲያጥር የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍል፣ ለወገኔ የማይል ሰው ነው።

እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስም ለወገኔ አላሉም። በዚያ ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣ። ሰሊጥ እንዳይደርቅ ያህል ከጠጣ ይበቃዋል፤ አቶ ይግዛው ግን የአማታቸውን ውለታ የመለሱ መስሏቸው፣ ከሌላው ተራ እየቀነሱ የአማታቸውን ማሳ ደጋግመው አጠጡ። የተረፈው ውኃ ወርዶ ከታች ባለው በወይዘሮ ወለተ ሰንበት ማሳ ላይ ተኛ። ወይዘሮዋ ባል የሞተባቸው፣ ከዚያች ማሳ በቀር ሌላ የሌላቸው ሴት ነበሩ። ሊያብብ ሲል የሁለቱም ማሳ ሰሊጥ ሥሩ ጠቁሮ ጠወለገ፤ ውኃ ያነሰው የጎረቤት ሰሊጥ ግን ፍሬ ያዘ።

አገሬው ምክንያት ፈለገ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በሚካኤል ዕለት ሲያርሙ ታይተው ነበርና መልአኩ ተቀየማቸው፣ ጦሳቸውም ለአቶ ወልደ ሐዋርያት ተረፈ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሰው ከማሳቸው አጠገብ መዝራት ፈራ። ይህ ሁሉ ሲባል አቶ ይግዛው ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ልባቸው ቢጠረጥርም አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ።

በማግስቱ ዓመት ውኃውን ለሁሉም እኩል አሳንሰው ቢያከፋፍሉ በሽታው ጠፋ። ያን ጊዜ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ገባቸው። አገሬው ግን ብልህ ናቸው ብሎ አመስግኖ ጋቢ አለበሳቸው፤ ያን ጋቢ አንድ ቀን እንኳ ደርበውት አላየንም። ወይዘሮ ወለተ ሰንበትን በገበያ መንገድ ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። እኛ ልጆቻቸው ኩራት ይመስለን ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ጉበታቸውን ታመው ሰቆጣ በተኙበት፣ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከዝቋላ በእግራቸው መጥተው ከአልጋው ግርጌ ተንበረከኩ። «አያ ይግዛው፣ በእኔ ጦስ የአማትዎ ሰሊጥ ጠፋ፤ እባክዎ ይቅር ይበሉኝ» አሏቸው።

አቶ ይግዛው አለቀሱ። «ሚካኤል አልተቀየመሽም። ለአማቴ አድልቼ ውኃ ያበዛሁት እኔ ነኝ፤ ሰሊጥሽን ያበሰበሰው ያ ውኃ ነው። እያወቅሁ ስትታሚ ዝም አልሁ» አሏቸው። ወይዘሮዋ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ።

አቶ ይግዛው ይህ ታሪክ በቀብራቸው ዕለት፣ አገሬው በተሰበሰበበት፣ ሳይቀነስ እንዲነበብ አዘዙ። እኛ አፍረን ልናስቀረው ተመካክረን ነበር፤ ከነእፍረታችን ይኸው አነበብነው።

ሰኔ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደብሬን፣ ልጆቻቸውን አስማረን፣ ወለተ ሚካኤልንና ምንዋጋውን ትተው ሄደዋል።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል አሉ። ነፍስ ይማር ማለት ለእኛ ለቤተሰቡ ይቀለን ነበር፤ እርሳቸው ሳይሉ ግን አፋችን አይደፍረውም።